አሮጌ ኮልት ስድስት ጎራሽ፦ ምልክቶቹን ከየት ጀምሮ ማንበብ ይሻላል?

የድሮ መሣሪያ ሰብሳቢዎች አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ሽጉጥ የቱ ነው ብትሉ፣ መልሱ ብዙም አያከራክርም። ኮልት የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1873 ያወጣው ስድስት ጎራሽ ነው። ፋብሪካው «ሲንግል አክሽን አርሚ» ይለዋል። ሕዝቡ ደግሞ «ፒስሜከር» ብሎ ሰይሞታል። በካውቦይ ፊልም ላይ ከወገብ ሲመዘዝ ያያችሁት እሱ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳባችሁት በቀር ምላጩን ብትስቡ አይተኩስም።

ከሩቅ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ኮልቶች፣ አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በጥቃቅን ፊደሎች፣ ቁጥሮችና ብሎኖች ላይ ነው። ፎርጅዱ የበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው አንድ ምልክት ያይና ልቡ ይሸፍታል። «ዩ.ኤስ.» የሚል አየሁ፣ የጦር ሠራዊት ነው ብሎ ገንዘቡን ያወጣል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ዘመን አለው። መለያ ቁጥሩ ዘመኑን ይነግራችኋል፤ የቀረው አካል በሙሉ ከቁጥሩ ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማማ ምክንያቱን ማወቅ አለባችሁ።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከምንም በፊት፦ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም እናንተም ተመልከቱ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣታችሁ ምላጩ ጋ አይድረስ። መዶሻውን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጤነኛ ኮልት ሙሉ በሙሉ እስኪሳብ አራት ጊዜ «ቀጭ» ይላል። ሁለተኛው ላይ አቁሙት። በቀኝ በኩል ያለውን ትንሽ በር ክፈቱ። ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ በእጃችሁ እያዞራችሁ ስድስቱንም ጉድጓድ አንድ በአንድ እዩ።

ስትጨርሱ መዶሻውን ከዚያው ከሁለተኛው «ቀጭ» ላይ አትልቀቁት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ መልሱት። ይህን የማያውቁ ሰዎች የሲሊንደሩን ዙሪያ በቀለበት መልክ ጭረውታል። ሻጩ ፊት ይህን በትክክል ካደረጋችሁ ደግሞ ሥራውን እንደምታውቁ ይገባዋል። የዋጋ ድርድሩም ከዚያ በኋላ ይለያል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። የወርቅ ሠሪ ዓይነት ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ባትሪ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሜትርና ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይበቃል። ማስታወሻ ደብተርም ያዙ። የብረት ሽቦ፣ የዝገት ማስለቀቂያና ማወልወያ ግን ቤት ይቅሩ። በዕድሜ ያገኘው ወዙ ተወልውሎ የጠፋ ኮልት ዋጋው ይወድቃል። የጠፋውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

አንደኛ፦ መለያ ቁጥሩ

ሽጉጡን ገልብጡት። ቁጥሩ በሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ከምላጩ ቀለበት ፊት ለፊት ባለው የፍሬሙ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋናው አካል) ሆድ ላይ ነው። ሁለተኛው በራሱ በምላጩ ቀለበት ላይ፣ ሦስተኛው በእጀታው ብረት ታች ነው። በቆዩት ላይ ሲሊንደሩና አፈሙዙም ቁጥር አላቸው። የአፈሙዙ ቁጥር ከቀለህ ማስወጫው ሥር ስለሚደበቅ ማስወጫውን ሳይፈቱ አይታይም። ሦስቱን ቁጥሮች በደብተር ላይ ጻፏቸው። በዓይን አይቶ «አንድ ናቸው» ማለት አያዋጣም፤ 3 እና 8 ሲያረጁ ይመሳሰላሉ።

ቁጥሩ ፊደል ከሌለውና ከ357,859 የማይበልጥ ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ይህ ትውልድ በ1873 ተጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ተሠርቷል። ለዘመን መገመቻ የሚሆኑ ምልክቶች ልስጣችሁ። 1880 ሲገባ ቁጥሩ 53,000 አካባቢ ነበር። በ1890 130,000፣ በ1899 መጀመሪያ 182,000፣ በ1900 192,000፣ በ1910 ደግሞ 312,000 አካባቢ ደርሷል።

ከቁጥሩ ኋላ «ኤስ ኤ» የሚሉ ፊደሎች ካሉ ከ1956 ወዲህ የተሠራ ነው። ስለነሱ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር አትርሱ። ለ.44 ሄንሪ ጥይት የተሠሩ ጥቂት ኮልቶች ለብቻቸው ከ1 ጀምሮ እስከ 1,800ዎቹ ድረስ ተቆጥረዋል። ስለዚህ በጣም ትንሽ ቁጥር ያየ ሰው ሁሉ የ1873 መጀመሪያ አገኘሁ ብሎ መጨፈር የለበትም።

ሁለተኛ፦ ፍሬሙ

በቁጥሩ ላይ ያነበባችሁትን የምትፈትኑበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ከሲሊንደሩ ፊት፣ ከአፈሙዙ ሥር ተመልከቱ። ሲሊንደሩን የሚይዘው ዘንግ እንዳይወጣ የሚያስረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው።

በቀደሙት ላይ ከፍሬሙ ፊት በኩል ሰያፍ ሆኖ የሚገባ አንድ ብሎን አለ። ሰብሳቢዎች ይህን «የጥቁር ባሩድ ፍሬም» ይሉታል። ከ1896 ገደማ፣ ማለትም ከቁጥር 164,000 አካባቢ ወዲህ፣ ብሎኑ ቀርቶ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ባለ ስፕሪንግ መቆለፊያ መጣ። ይህኛው በጣት ተጭነው የሚለቁት ነው። ይሁን እንጂ መቆለፊያው መለወጡ ብቻውን ለአዲሱና ይበልጥ ብርቱ ለሆነው ጭስ አልባ ባሩድ ዋስትና ማለት አይደለም። ፋብሪካው ያን ዋስትና የሰጠው በ1900፣ ከ192,000 አካባቢ ጀምሮ ነው። ትንሽ ቆይቶ በምላጩ ቀለበት ግራ በኩል፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ «ቪፒ» የሚል የፍተሻ ምልክት መምታት ጀመረ።

አሁን ምሳሌ ልስጥ። ቁጥሩ 121 ሺህ ምናምን የሆነ ኮልት እጃችሁ ገባ እንበል። ይህ የ1887 ነው። ስለዚህ ሰያፍ ብሎን ሊኖረው ይገባል። ባለ ስፕሪንግ መቆለፊያ ካያችሁ ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል፣ ወይ ፍሬሙ ከሌላ የመጣ ነው፣ ወይ በኋላ ሰው ቆፍሮ ለውጦታል። ሦስቱም ዋጋውን ይጥላሉ።

ሦስተኛ፦ የፓተንት ጽሑፉና ፈረሱ

በፍሬሙ ግራ ጎን፣ ከሲሊንደሩ ሥር ወደ ኋላ የፓተንት (የፈጠራ መብት ማረጋገጫ) ቀኖች ተመተዋል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ያሉት ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1871 እና ጁላይ 2 ቀን 1872። በ1875 ጃንዋሪ 19 የተሰጠው ፓተንት ሲጨመር ቀኖቹ ሦስት ሆኑና በሦስት መስመር ተደረደሩ። ከ1890 ገደማ ጀምሮ ሦስቱ ቀኖች በሁለት መስመር ተጨምቀው አጠገባቸው በኋላ እግሩ የቆመ ፈረስ መጣ። ፈረሱ መጀመሪያ በክብ ውስጥ ነበር፤ ክቡ በኋላ ቀረ።

የ121 ሺሁን ምሳሌያችንን እንመልሰው። ሦስት ቀን በሦስት መስመር መሆን አለበት። ፈረስም ሊኖረው አይገባም። ፈረስ ካለው ሽጉጡን አስቀምጡና ቡና ጠጡ።

አራተኛ፦ አፈሙዙ

ርዝመቱን ለካ ለካ አድርጋችሁ አትለፉት። የእንጨት ዘንጉን ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብታችሁ የሲሊንደሩ ፊት ላይ ሲደርስ አቁሙ፣ ጫፉ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ዘንጉን በሜትር ለኩት። የሲሊንደሩ ርዝመት አይቆጠርም። የተለመዱት ልኮች ሦስት ናቸው፤ 7 ከግማሽ ኢንች፣ 5 ከግማሽ ኢንችና 4 ከሦስት ሩብ ኢንች። ቀለህ ማስወጫ የሌላቸው አጫጭሮችም አሉ። እነሱ ብርቅ ስለሆኑ ሐሰተኛውም ብዙ ነው።

ከአፈሙዙ አናት ላይ የፋብሪካው ስምና የሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት አድራሻ ተጽፏል። በመጀመሪያዎቹ፣ እስከ 24,000 አካባቢ፣ ፊደሎቹ ዘንበል ያሉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያሉ ሆኑ። በ4 ከሦስት ሩብ ኢንቹ ላይ ቦታ ስለጠበበ አድራሻው በሁለት መስመር ነው። ይህን ካወቃችሁ የተቆረጠ አፈሙዝ አያታልላችሁም። አጭር አፈሙዝ ላይ አድራሻው በአንድ ረጅም መስመር ሆኖ ወደ ጫፉ ከተጠጋ፣ አፈሙዙ ሲወለድ ረጅም ነበር ማለት ነው። የፊት ማነጣጠሪያውንም በማጉያ እዩት፤ እንደገና የተበየደበት ሥሩ ላይ ይታወቃል።

ካሊበሩ፣ ማለትም የሚተኩሰው ጥይት ልክ፣ በቀደሙት ላይ በምላጩ ቀለበት በግራ በኩል ተመቷል። በኋላ ወደ አፈሙዙ ግራ ጎን ተዛወረ። ከሁሉ የበዛው .45 ሲሆን በመጀመሪያው ትውልድ ከ150 ሺህ በላይ ተሠርቷል። .44-40 ይከተለዋል። ይህኛው አፈሙዙ ላይ «ኮልት ፍሮንቲየር ሲክስ ሹተር» የሚል ጽሑፍ አለው። በ1878 ሲጀመር ጽሑፉ በአሲድ የተነቀሰ ስለነበር በቀላሉ ይደመሰሳል። ከ1880ዎቹ መጨረሻ በኋላ በማተሚያ ብረት ተመታ። በአሲድ የተጻፈው ገና በደንብ የሚነበብ ሆኖ ካገኛችሁት ሽጉጡ ብዙ አልተወለወለም ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ሳይ ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል።

የለንደን ወኪል ያለው አድራሻና ሲሊንደሩ ላይ የእንግሊዝ ፍተሻ ማኅተሞች ያሉት ኮልትም አለ። እንግሊዝ አገር የተሸጠ ነው፤ ምልክቶቹ መብዛታቸው አያስደንግጣችሁ።

አምስተኛ፦ ቀለህ ማስወጫውና እጀታው

የማስወጫው ዘንግ ጫፍ እስከ 1882 ገደማ መሐሉ የተበሳ ክብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ጨረቃ ሆነ። እጀታው በመጀመሪያ አንድ ወጥ የዋልነት እንጨት ነው። ከ1882 ንስር ያለበት ጥቁር ጠንካራ ላስቲክ መጣ፤ ከ1896 ወዲህ ንስሩ ቀርቶ ፈረሱ ብቻ ቀረ። ማስወጫውም እጀታውም በብሎን የሚፈቱ ናቸውና ሊቀያየሩ ይችላሉ። ብዙ አትመኩባቸው።

ስድስተኛ፦ «ዩ.ኤስ.»

ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ጦር ከ1873 እስከ 1891 ባለው ጊዜ 37 ሺህ ያህል ገዝቷል። እነዚህ 7 ከግማሽ ኢንች አፈሙዝና .45 ካሊበር ነበሩ። በፍሬሙ ግራ ጎን «ዩ.ኤስ.» ተመትቷል። የመንግሥት መርማሪ አንድ በአንድ እያየ የስሙን ፊደሎች በብረቱ ላይ ይመታል፣ በእንጨት እጀታው ላይ ደግሞ ማኅተሙን ያሳርፋል።

የመርማሪው ስም ከቁጥሩ ጋር መግጠም አለበት። ኦርቪል ኤይንስወርዝ የመጀመሪያዎቹን መረመረ፤ ምልክቱ «ኤ» የምትለዋ ፊደል ናት። ሄንሪ ኔትልተን በ1878 ለአጭር ጊዜ ስለሠራ የሱ ምልክት ያለበት ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ዴቪድ ክላርክ «ዲ.ኤፍ.ሲ.» እያለ በ1880ዎቹ ብዙ መርምሯል። ሪናልዶ ካር ደግሞ «አር.ኤ.ሲ.» ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የ1885 ሆኖ የኤይንስወርዝ «ኤ» ያለበት ኮልት ቢቀርብላችሁ ታሪክ አትስሙ።

ጁን 25 ቀን 1876 የአሜሪካ ጦር ከነባር ሕዝቦች ጋር በሊትል ቢግሆርን ባደረገው ውጊያ ሌተና ኮሎኔል ኮስተርና አብሮት የነበረው የሰባተኛው ፈረሰኛ ጦር ክፍል ሲደመሰሱ የታጠቁት ኤይንስወርዝ የመረመረውን ኮልት ነበር። በዚህ የተነሣ የነዚያ ቁጥሮች ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ሐሰተኛ «ዩ.ኤስ.» የሚመታውም በዚያው ልክ ነው። ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። «ዩ.ኤስ.»ን ከጎኑ ካሉት የፓተንት ፊደሎች ጋር በማጉያ አስተያዩ። ሁለቱም አንድ ዕድሜ ኖረዋል፣ በአንድ አፎት ውስጥ ተሽሽተዋል። የፓተንቱ ፊደሎች ደብዝዘው «ዩ.ኤስ.» ብቻ ጫፉ የሰላ ከሆነ በቅርብ የተመታ ነው። እንጨቱም እንደዚሁ። የእጀታው ጠርዝ አልቆ ማኅተሙ ግን ፍንትው ብሎ ከታየ ተጠራጠሩ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስሙ። ከ1895 እስከ 1903 ጦሩ አሮጌዎቹን ሰብስቦ አፈሙዛቸውን ወደ 5 ከግማሽ ኢንች አሳጠረ። ሰብሳቢዎች እነዚህን «አርቲለሪ ሞዴል» ይሏቸዋል። ሲታደሱ ተበታትነው ክፍሎቻቸው ስለተደባለቁ ቁጥሮቻቸው አይገጥሙም። ፍሬሙ ላይ አንድ ቁጥር፣ የምላጩ ቀለበት ላይ ሌላ፣ እጀታው ላይ ሦስተኛ ቁጥር ብታዩ እንግዳ አይደለም። አድራሻውም ወደ አፈሙዙ ጫፍ የተጠጋ ነው። ሌላ ኮልት ላይ ጥፋት የሆነው ነገር እዚህ ላይ ታሪኩ ነው። ብዙ ሰው «ቁጥሩ አይገጥምም» ብሎ ጥሩ አርቲለሪ ጥሎ ሄዷል። ያሳዝነኛል።

ሰባተኛ፦ ቢዝሊ

እጀታው ጎበጥ ብሎ ወደ ፊት የታጠፈ፣ የመዶሻው ጆሮ ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ምላጩ የተቆለመመ ከሆነ «ቢዝሊ ሞዴል» ነው። ስሙን ያገኘው እንግሊዝ አገር ካለው የተኩስ ውድድር ሜዳ ነው። ከ1894 እስከ 1915 ከ44 ሺህ በላይ ተሠርቷል። አፈሙዙ ላይ በግራ በኩል ስሙ ተጽፏል። ቁጥሩ ግን ከተራዎቹ ጋር በአንድ ተራ ስለሚሄድ ለዘመኑ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ተጠቀሙ። ለጀማሪ የማበረታታው እሱን ነው። ዋጋው ከተራው ኮልት ዝቅ ይላል፣ ጥራቱ ግን ምንም አያንስም።

ስምንተኛ፦ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት

በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን በካውቦይ ሲሞላ ፈላጊው በዛና ኮልት ሥራውን በ1956 እንደገና ጀመረ። የሁለተኛው ትውልድ ቁጥር ከ0001 ተነሥቶ በስተኋላው «ኤስ ኤ» አለው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ 73 ሺህ ገደማ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ትውልድ በ1976 ከ80,000 «ኤስ ኤ» ተነሣ። 99,999 ሲሞላ ፊደሎቹ ወደ ፊት ዞሩ። ኋላ ላይ ደግሞ «ኤስ» ከፊት፣ «ኤ» ከኋላ ሆነ። ስለዚህ «ኤስ ኤ» ስላለው ብቻ ሁለተኛ ትውልድ ነው አትበሉ። ቁጥሩን እዩ።

በዚህ ዘመን 12 ኢንች አፈሙዝ ያለው «በንትላይን ስፔሻል» በ1957 መጣ። አናቱ ጠፍጣፋ፣ የኋላ ማነጣጠሪያው የሚስተካከለው «ኒው ፍሮንቲየር» ደግሞ በ1961 ወጣ። ቁጥሩ ላይ «ኤን ኤፍ» አለው።

የጣሊያን ቅጂዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥሩ ሽጉጦች ናቸው፣ ኮልት ግን አይደሉም። የጣሊያን ፍተሻ ቤት ማኅተምና በትንሽ ሳጥን ውስጥ የዓመት መለያ አላቸው። አንዳንዱ አጭበርባሪ እነዚህን ፍቆ በሽጉጡ ላይ አሮጌ መልክ ያመጣል። የፍሬሙን ሆድና የአፈሙዙን ሥር በባትሪ ስታዩ ብረቱ ጎድጎድ ካለ የሆነ ነገር ተፍቋል።

ሩገር የተባለው ሌላ የአሜሪካ ፋብሪካ የሚሠራውን ሲንግል አክሽን ለሚሰበስቡም ላንሳ። የፍሬሙን ጎን እዩ። ሦስት ብሎን ካለው ከ1973 በፊት የተሠራው አሮጌ ሞዴል ነው። ሁለት ፒን ብቻ ካለው አዲሱ ነው። ፋብሪካው አሮጌዎቹን ለደኅንነት ሲባል በነጻ ያሻሽል ነበር፤ ያወጣቸውንም የቀድሞ ክፍሎች ለባለቤቱ ይመልሳል። ሻጩን እነዚያን ክፍሎች ጠይቁት። ከሌሉ ዋጋውን ቀንሱ። በ1976 የተሠሩት አፈሙዛቸው ላይ በአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት መሠራታቸውን የሚናገር ጽሑፍ አለ።

ዘጠነኛ፦ የታደሰ ገጽ

የኮልት ፍሬም ጠርዞች ስለታም ናቸው። በማወልወያ ማሽን ያለፈ ሽጉጥ ጠርዙ ይድበለበላል። የብሎኖቹን ቀዳዳ ዙሪያ በባትሪ ወደ ጎን አብርታችሁ እዩ። ዙሪያው እንደ ሳህን ጎድጎድ ካለ ተወልውሏል። ፊደሎቹም በአንድ በኩል ጠልቀው በሌላ በኩል ተበልተው ይታያሉ። የሚያብለጨልጭ አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ባረጀ ፊደል ላይ ካያችሁ፣ እንደ ኦሪጅናል አትክፈሉ።

አሥረኛ፦ የፋብሪካው ደብዳቤና ሕጉ

ኮልት የድሮ መዝገቦቹን ይዟል። ክፍያ ከፍላችሁ መለያ ቁጥሩን ስትሰጡ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ካሊበሩን፣ የአፈሙዙን ርዝመት፣ ቀለሙን፣ መቼና ለማን እንደተላከ ይገልጻል። ደብዳቤው የሚናገረው ሽጉጡ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው፤ አሁን እጃችሁ ላይ ስላለው ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ደብዳቤውን ከሽጉጡ ጋር አስተያዩ። ደብዳቤው 7 ከግማሽ እያለ ሽጉጡ 4 ከሦስት ሩብ ከሆነ አፈሙዙ ተቀይሯል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ሽጉጥ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። 1899 ሲገባ የተደረሰበት የ182,000 ቁጥር ወሬ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ጥንታዊ መባሉም ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም፤ ወደ አገር ቤት ወይም ወደ ሌላ አገር ይዤ እሄዳለሁ የሚል ካለ ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት የዚያን አገር ፈቃድ ያውጣ።

ውድ ኮልት የምትገዙ ከሆነ ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። ደብዳቤው ከሽጉጡ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍበት። ሦስቱን ቁጥሮች፣ የፓተንት ጽሑፉን፣ አድራሻውንና እጀታውን በየተራ ፎቶ አንሱ። ከውሉ ጋር አያይዛችሁ አስፈርሙት።